ዘመቻው ሲያልፍ ቀበሌው ውስጥ ምን ይቀራል? ስለ ገጠር የአይን ህክምና

በየተወሰነ ጊዜ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አንድ አይነት ቪዲዮ ይዞራል። የአንዲት እናት አይን ላይ የተለጠፈው ፋሻ ይነሳል፣ ሀኪሙ ጣቱን ዘርግቶ "ስንት ነው?" ይላል፣ እሳቸው "ሁለት" ይላሉ፣ ከዛ እልልታው ይቀልጣል። ከስር ያለው ኮሜንት ግን ሌላ አለም ነው፦ አንዱ "ለምን ሁሉም ገጠር አይደርስም" ይላል፣ ሌላው "ይሄ የመንግስት ስራ አይደለም ወይ፣ ለምን የውጭ ሰው ይሰራዋል" ይላል፣ አንዱ ደሞ "የኔ አባት ተሰርቶለት አሁንም አያይም" ብሎ ይፅፋል፣ እሱን ተከትሎ ኦፕሬሽኑ ራሱ አደገኛ ነው የሚል ክርክር ይነሳና እስከ ማታ ይቀጥላል።

ሶስቱም የሚያወሩት ስለ እውነተኛ ነገር ነው። ግራ መጋባቱ የሚመጣው የአይን በሽታ ሲባል ሞራ ብቻ፣ የአይን ህክምና ሲባል ደሞ ኦፕሬሽን ብቻ ስለሚታሰበን ነው። የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ እይታ ባወጣው ሪፖርት የአይን ህክምና መከላከልን፣ ማከምንና መልሶ ማቋቋምን አንድ ላይ ይዞ ሰው ከሚኖርበት ቦታ መጀመር አለበት ይላል፣ "የተሟላ" የሚባለውም እሱ ነው። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፣ ቀበሌ ላይ ሲወርድ ምን ማለት እንደሆነ ግን ብዙም አይወራም።

ቀበሌዋን እንቁጠራት

5000 ሰው ገደማ የሚኖርባት አንድ የገጠር ቀበሌ እንውሰድ። አንድ ጤና ኬላ አላት፣ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች አሏት፣ ከዛ በላይ ምንም የላትም። በአገር ደረጃ የተሰራው ትልቁ የአይን ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 የተደረገው ሲሆን እሱ እንደሚለው ከህዝቡ 1.6 በመቶ ማየት የተሳነው ነው፣ 3.7 በመቶ ደሞ የማየት አቅሙ በጣም የደከመ ነው። ማየት የተሳነው የሚባለው በተሻለው አይኑ እንኳን 3/60 የማያይ ሰው ነው፣ በግርድፉ 3 ሜትር ላይ የተዘረጋ ጣት መቁጠር ያቃተው ማለት ነው።

ይሄን ወደ ቀበሌያችን ስናመጣው 80 ሰው አያይም፣ 185 ሰው ደሞ በጭላንጭል ነው የሚሄደው። ከ80ው 40 ያህሉ በሞራ ነው፣ 9 ያህሉ ትራኮማ በተወው ጠባሳ፣ 6 ያህሉ መነፅር ብቻ አጥተው (አዎ፣ መነፅር)፣ 4 ያህሉ በግላኮማ (የአይን ነርቭን ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ)፣ የቀረው በሌላ በሌላ። ጥናቱ እንደሚለው ከአይነ ስውርነቱ 87 በመቶ ገደማው ቀድሞ መከላከል ወይም ማከም ይቻል የነበረ ነው፣ ስለዚህ ከ80ው 70 ያህሉ ጨለማ ውስጥ የተቀመጡት በሰዓቱ የደረሰላቸው ስለጠፋ ነው።

እርግጥ ቁጥሩ አርጅቷል፣ ደሞ አማካይ ነው። በዛን ጊዜ ከ1 እስከ 9 አመት ካሉ ልጆች ንቁ ትራኮማ (አሁንም የአይን ቆባቸውን ከውስጥ እያስቆጣ ያለ) የተገኘባቸው በአገር ደረጃ 40 በመቶ ሲሆኑ አማራ ክልል ላይ 62 በመቶ አልፎ ነበር፣ ስለዚህ አንዱ ቀበሌ ከሌላው በጣም ይለያል። ለስሌታችን ግን ይበቃናል።

አንድ ስሌት እንጨምር፣ እሱ ነው ዋናው። ቪዥን 2020 የሚባለው አለም አቀፍ እቅድ ለአፍሪካ ያስቀመጠው ግብ በአመት ከ1 ሚሊዮን ሰው 2000 የሞራ ኦፕሬሽን ነበር። 5000 ሰው ላላት ቀበሌ በአመት 10 ማለት ነው። ሞራ በአብዛኛው ከእድሜ ጋር የሚመጣ ስለሆነ ዘንድሮ 40ውንም ብንሰራ በሚቀጥለው አመት አዲስ ሰዎች ይመጣሉ፣ ከዛም በኋላ እንደዚሁ፣ ሰው እስካረጀ ድረስ አይቆምም። በአምስት አመት አንዴ የሚመጣ ዘመቻ ከዚህ ጋር እንዴት እንደማይገጥም ቁጥሩ ራሱ ያሳያል።

ሞራ፣ ከ15 ደቂቃው ኦፕሬሽን በኋላ

ሞራ ወይም ካታራክት አይን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ መደፍረስ ነው። ላይ ላይ የተጋረደ ቆዳ የሚመስለው ብዙ ነው፣ "ልጠው አነሱለት" የሚባለውም ከዛ ነው፣ እውነታው ግን ችግሩ ያለው ከብሌኑ ኋላ ነው። መድሀኒት የለውም፣ ጠብታም አያለቅቀውም፣ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሰራሽ ሌንስ መተካት ብቻ ነው መንገዱ። አይን አውጥተው መልሰው ይከታሉ የሚለው ወሬ ውሸት ነው። "እስኪበስል ይጠበቅ" የሚለውም ያረጀ ምክር ነው፣ ዛሬ መለኪያው ሰውየው ስራውን መስራት አቅቶታል ወይ ነው፣ እንደውም ከልክ በላይ የቆየ ሞራ ለመስራትም ይከብዳል፣ አንዳንዴም የአይን ግፊት ጨምሮ ጭራሽ ያጠፋል።

ገጠር ላይ በብዛት የሚሰራበት ዘዴ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ስፌት ሳያስፈልግ የሚያልቅ ነው፣ ኔፓልና ህንድ ውስጥ ዳብሮ የተስፋፋ። ልምድ ያለው እጅ 15 ደቂቃ እንኳን አይፈጅበትም። ሌንሱም በፊት ውድ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ህንድ ማዱራይ ውስጥ አውሮላብ የተባለው ፋብሪካ በርካሽ ማምረት ከጀመረ ወዲህ ግን ዋጋው በጥቂት ዶላር የሚቆጠር ሆኗል።

ታዲያ "ተሰርቶለት አያይም" ያለው ሰውስ? እዚህ ጋ ቀስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ከሞራው ኋላ ሌላ በሽታ ነበረ፣ ግላኮማ ወይ የሬቲና (አይን ውስጥ ከኋላ ብርሀን የሚቀበለው ሽፋን) ችግር፣ ሞራው ሲነሳ እሱ ተጋለጠ። ሁለተኛው የሌንሱ ቁጥር ነው፣ እያንዳንዱ አይን ተለክቶ የራሱ ቁጥር ያለው ሌንስ ካልገባለት ብዥ እንዳለ ይቀራል፣ መነፅር ቢጨመርለት ይስተካከላል ግን ማን ይጨምርለት፣ ቡድኑ ሄዷል። ሶስተኛው ኢንፌክሽን ነው፣ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚከሰተው፣ ከተከሰተ ግን ሰዓታት ናቸው የሚወስኑት። አራተኛው ደሞ ከወራት ወይ ከአመታት በኋላ የሚመጣው ነው፣ አዲሱን ሌንስ የያዘው ስስ ሽፋን ይደፈርስና ሰው "ሞራው ተመልሶ መጣ" ይላል። ይሄኛው በሌዘር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ይጠራል፣ ግን የሌዘር ማሽኑ ያለው ትልቅ ሆስፒታል ነው፣ ሰውየው ደሞ "ተሰርቶ እንቢ አለ" ብሎ ቤቱ ተቀምጧል፣ ጎረቤቱም እሱን አይቶ ይቀራል።

አራቱም የሚጠይቁት ከኦፕሬሽኑ በኋላ በማግስቱ፣ በሳምንቱ፣ በወሩ አይኑን ገልጦ የሚያይ ሰው ነው። ጠብታውን በየሰዓቱ ማድረጉን የሚጠይቅ፣ ለጥቂት ሳምንት ፊታቸው ላይ ፀበል እንዳያስረጩ፣ የምድጃ ጭስ እንዳይጠጉ በሚገባቸው ቋንቋ የሚነግር። ይሄ የስፔሻሊስት ስራ አይደለም፣ የሰለጠነ የአይን ነርስ ይበቃዋል።

ትራኮማ፣ ረጅሙ ታሪክ

ትራኮማ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው፣ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት የሚተላለፈው በእጅ፣ ፊት በተጠረገበት ነጠላና ጨርቅ፣ የልጆች አይን ኩስ ላይ በሚያርፍ ዝንብ ነው። ይቺ ዝንብ ደሞ በብዛት የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው አይነምድር ነው። አንዴ መያዝ ብቻውን አያሳውርም። ልጅነት ሙሉ እየተደጋገመ ሲይዝ ግን የአይን ቆብ ከውስጥ ይጠባሰሳል፣ ጠባሳው ይሰበሰብና ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፣ ከዛ ፀጉሩ በእያንዳንዱ ርግብታ ኮርኒያን፣ ማለትም ፊት ለፊት ያለውን መስታወት የመሰለ ክፍል ይፍቃል። ያን ጊዜ ነው ወረንጦው የሚወጣው። ገጠር ውስጥ ወረንጦ በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ካያችሁ ጌጥ አይደለም፣ ፀጉሩ ሲወጋት ጎረቤት ወይ ልጅዋን "ንቀይልኝ" የምትልበት ነው። ልጅ የሚያቅፉት እነሱ ስለሆኑ ፀጉሩ የሚቀለበስባቸው ሴቶች ከወንዶች በግልፅ ይበዛሉ።

ህክምናው ሴፍ በሚባለው ስትራቴጂ አራት ክንድ አለው፦ ቆቡ ለተቀለበሰበት ቀዶ ህክምና፣ ለማህበረሰቡ በሙሉ አንቲባዮቲክ፣ የፊት ንፅህና፣ የአካባቢ ንፅህና። ቀዶ ህክምናው ጤና ጣቢያ ላይ በሰለጠነ ነርስ ይሰራል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰው ለዚህ ብሎ ጎንደር ወይ አዲስ አበባ መሄድ የለበትም። ችግሩ የተሰራላቸው ሰዎች ላይ ፀጉሩ ተመልሶ መምጣቱ ነው፣ የሰራው ሰው ብቃትና ክትትል ላይ በጣም ይወሰናል፣ ስለዚህ እዚህም ተመልሶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

አንቲባዮቲኩ አዚትሮማይሲን ነው፣ ፋይዘር በነፃ ይሰጠዋል፣ እስካሁን በአለም ከ1 ቢሊዮን ዶዝ በላይ ተሰጥቷል። አማራ ክልል ላይ በካርተር ማእከል ድጋፍ በሳምንት ዘመቻ ሚሊዮኖች የሚወስዱት እሱን ነው። ቀበሌ ላይ እንዲህ ነው የሚሰጠው፦ ህዝቡ ተሰልፎ ባለቀለም መለኪያ ዱላ አጠገብ ይቆማል፣ ዶዙ በቁመት ይወሰናል፣ ለትንንሽ ልጆች ሽሮፕ፣ 6 ወር ላልሞላቸው ቲቲሲ (ቴትራሳይክሊን) የሚባለው የአይን ቅባት። ጥሩ ይሄዳል፣ ከአመት አመት ቁጥሩ ወርዷል። ነገር ግን ከ10 አመት በላይ መድሀኒቱ ተሰጥቶባቸው አሁንም ከሚፈለገው መጠን በታች ያልወረዱ፣ ወይም ወርደው ተመልሰው የወጡ ወረዳዎች አሉ። የሚፈለገው መጠን ከ1 እስከ 9 አመት ካሉ ልጆች ንቁ ትራኮማ ከ5 በመቶ በታች መሆን ነው። ጋና እ.ኤ.አ. በ2018፣ ማላዊ በ2022 እዚህ ደርሰው በሽታውን እንደ ህዝብ ጤና ችግር ማጥፋታቸው ተረጋግጦላቸዋል፣ ኢትዮጵያ ግን እስከ ዛሬ ከአለም ትልቁን ሸክም የተሸከመች አገር ናት።

"መድሀኒቱ ባዶ ነው፣ ውሀ ስጡን" የሚል ሙግት በየመድረኩ ይሰማል፣ ለጆሮም ይጥማል፣ ፊት የሚታጠቡበት ውሀ ሳይኖር ፊት ታጠቡ ማለት ምን ያደርጋል። ግን እዚህ ጋ አንድ የሚያስቸግር ጥናት አለ። ዋግ ኽምራ ውስጥ ቀበሌዎችን በእጣ ለሁለት ከፍለው ለግማሹ ውሀ ተቆፈረ፣ ሽንት ቤት ተሰራ፣ የንፅህና ትምህርት ተሰጠ፣ ግማሹ በነበረበት ቆየ። ከሶስት አመት በኋላ የባክቴሪያው መጠን በሁለቱም ጨምሮ ነው የተገኘው፣ ልዩነት አልነበረም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ይሄ ማለት ውሀ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፣ ውሀ ለተቅማጡም ለእናቶች ድካምም ያስፈልጋል፣ በሽታው በጣም በበዛበት ቦታ ላይ ግን ውሀ ብቻውን በሶስት አመት ትራኮማን አይሰብርም፣ መድሀኒቱን ማቆም አይቻልም ማለት ነው። በሌላ በኩል አውሮፓ ላይ ትራኮማ የጠፋው ይሄ መድሀኒት ሳይኖር ኑሮ ሲሻሻል ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ልክ ነው፣ ልዩነቱ ስለ ስንት አመት ነው የምናወራው ነው። እኔ ከቁጥሩ የምረዳው መድሀኒቱ ቀጥ ብሎ፣ ምናልባትም ለልጆች ቶሎ ቶሎ እየተሰጠ፣ ውሀው ከስር ከስር መድረስ እንዳለበት ነው።

ዝም ብለው የሚያጠፉት

ግላኮማ ከዘመቻ ጋር ጭራሽ አይግባባም። አይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ብሎ የእይታውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይገድለዋል፣ አያምም፣ አይቀላም፣ እይታው ከዳር ነው የሚጀምረው ስለዚህ ሰውየው ግድግዳ መግጨት፣ በረት ላይ መደናቀፍ ሲጀምር ነው የሚነቃው። የሞተው ነርቭ አይመለስም። ህክምናው የቀረውን ማቆየት ነው፣ ያም በየቀኑ እድሜ ልክ ጠብታ ማለት ነው። አንድ ብልቃጥ አንድ ወር ቢበቃ፣ በየወሩ ወደ ከተማ መውረድ፣ መኪና፣ መድሀኒት፣ የሚመራው ልጅ ከትምህርት መቅረት፣ ማንም ገበሬ ከስድስት ወር በላይ ይዘልቀዋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል፣ በተለይ ጠብታው ምንም ለውጥ ሳያሳየው።

እዚህ ላይ ከዚሁ ከምስራቅ አፍሪካ የመጣ ጥሩ ዜና አለ። ታንዛኒያ ኪሊማንጃሮ አካባቢ በተደረገ ጥናት አንድ ጊዜ የሚሰጥ የሌዘር ህክምና በአመቱ 61 በመቶ አይኖች ላይ ሲሳካ፣ የተለመደው ቲሞሎል ጠብታ የተሳካው 31 በመቶ ላይ ነው። በየወሩ መመላለስ ለማይችል ሰው ይሄ ልዩነት ብዙ ነው። ግን ሌዘር የሚሰራው መጀመሪያ ግላኮማው ከተገኘ ነው፣ ስለዚህ ግፊት የሚለካ፣ ውስጡን የሚያይ ሰው ቅርብ መኖር አለበት። አባቱ ወይ እህቱ ግላኮማ ያለበት ሰው 40 ሲሞላው ቢታይ ብዙ ይተርፋል።

ከሱ ሌላ የስኳር በሽታ የሬቲናን ደም ስሮች ያበላሻል፣ ገጠር ላይም ስኳር እየበዛ ነው። ህፃናት ላይ ዳፍንት አለ፣ የቫይታሚን ኤ እጥረት፣ እሱ በየስድስት ወሩ በአፍ በሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታ በአብዛኛው ይያዛል። ከዛ ደሞ ጉዳት፦ ውድማ ላይ ገለባ፣ እሾህ፣ የበሬ ቀንድ፣ ድንጋይ የሚጠርብ ሰው ላይ ፍንጣሪ።

ጉዳቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ቀበሌ ላይ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነው። አይን ሲጫር መጀመሪያ የሚደረገው የእናት ጡት ወተት ማስጨመቅ፣ ቅጠል መጭመቅ፣ ቅንድብ መብጣት ነው። ወይ ደሞ ከመድሀኒት መደብር "ለቀላ አይን" ተብሎ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ይገዛል፣ እሱ ቅላቱንና ህመሙን ቶሎ ስለሚያጠፋ ይወደዳል፣ ቁስሉ የፈንገስ ከሆነ ግን ሜዳውን ይለቅለታል፣ ለወራት ከተደረገ ደሞ ራሱ ግላኮማና ሞራ ያመጣል። ኔፓል ባክታፑር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት የመንደር ጤና ሰራተኞች የተጫረ አይን ላይ በ18 ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ ቅባት መቀባት ከጀመሩ ቁስለት እንደማይፈጠር አሳይቶ ብዙ ተስፋ ተደርጎበት ነበር፣ እዛው ኔፓል በኋላ በሰፊው በእጣ የተሞከረው ግን በመንደር ደረጃ ልዩነት አላገኘም። የኔ ግምት ቅባቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ሰዉ በሰዓቱ ስለማይመጣ ይመስለኛል፣ ግን ግምት ነው።

መነፅር፣ ማንም የማይፎክርበት

መነፅር ቪዲዮ አይወጣለትም፣ እልልታም የለውም። 40 አመት ያለፈ ሰው ሁሉ ቅርብ ማየት ይቀንሳል፣ ይሄ በሽታም አይደለም፣ የእድሜ ነገር ነው። መርፌ ክር አልገባ ሲላት መፍተልና መስፋት የተወች እናት፣ ዳዊቱን ክንዱን ዘርግቶ አርቆ የሚያነብ ቄስ፣ ከእህል ውስጥ ጠጠር ለመልቀም የልጅ ልጅዋን የምትጠራ አያት፣ ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ቀላል የማንበቢያ መነፅር ነው። ባንግላዲሽ ገጠር ውስጥ ለእደ ጥበበኞችና ለሌሎች ቅርብ ለሚሰሩ ሰዎች በነፃ መነፅር ተሰጥቶ ከስምንት ወር በኋላ ገቢያቸው 33 በመቶ ጨምሮ ነው የተገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ነው። የአለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ተገቢ መነፅር የሚያገኘው ሰው ድርሻ በ40 ነጥብ፣ የሞራ ኦፕሬሽን ሽፋን ደሞ በ30 ነጥብ እንዲጨምር አገሮች የተስማሙበት ግብ አለው።

ግን የማህበረሰብ ጤና መድህን መነፅርን አይሸፍንም። በአመት መዋጮውን ከፍሎ መታወቂያውን ይዞ የመጣ ገበሬ አይኑ ተለክቶ፣ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ተፅፎለት፣ "ከተማ ሄደህ ግዛ" ይባላል። ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ይቀራል። እዚህ ላይ ለውጥ ለማምጣት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ዝግጁ የማንበቢያ መነፅር ጤና ጣቢያ ላይ ማስቀመጥ ብቻውን የቀበሌውን ግማሽ ጥያቄ ይመልሳል ባይ ነኝ።

ሰንሰለቱ የት ጋ ይበጠሳል

አደረጃጀቱ መጥፎ አይደለም። ከ3000 እስከ 5000 ሰው አንድ ጤና ኬላ፣ ለ25000 ሰው ገደማ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ለ100000 ሰው ገደማ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል። ጤና ኬላ ላይ ያሉት ሴቶች ቤት ለቤት ስለሚሄዱ የትኛው ቤት ውስጥ ማን እንደማያይ ያውቃሉ፣ 3 ሜትር ገመድና ጣት ብቻ ይዘው እንኳን ማጣራት ይችላሉ። የሚበጠሰው ከዛ በኋላ ነው። ብዙ ጤና ጣቢያ ላይ አይን የሚያይ የሰለጠነ ሰው የለም፣ ካለም ለትራኮማ ፀጉር ብቻ የሰለጠነ ነው፣ ወይ ሰልጥኖ ወደ ክትባት ክፍል ተዛውሯል። ስለዚህ ሪፈር ይፃፋል። የዞን ከተማ ድረስ ሪፈር የተፃፈለት ሽማግሌ የሚያስበው ስለ አይኑ አይደለም፣ ማን ይወስደኛል፣ የት አድራለሁ፣ አጨዳው ማን ይይዘዋል፣ ደሞስ "ለኔ እድሜ ምን ያደርጋል" የሚለው ነው። ሴቶች ላይ ይብሳል፣ ለእናት በሬ የሚሸጥ ቤተሰብ ከአባት ያነሰ ነው፣ ይሄ በብዙ አገር የታየ ነው።

ህንድ ውስጥ አራቪንድ የሚባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1976 በ11 አልጋ የጀመረ ነው፣ ዛሬ ከአለም ትልልቆቹ አንዱ ነው። ስሙ የሚነሳው በኦፕሬሽን ብዛት ነው፣ ለኛ ግን የሚጠቅመው የገጠር ቪዥን ሴንተር የሚሉት ነገር ነው፦ ለ50000 ሰው ገደማ አንዲት ትንሽ ክፍል፣ ከዛው አካባቢ ተመልምላ የሰለጠነች ባለሙያ፣ አንድ የአይን መመርመሪያ ማሽን፣ መነፅር እዛው፣ ሀኪሙ በኢንተርኔት ምስሉን እያየ። ኦፕሬሽን የሚፈልገው ብቻ ወደ ላይ ይሄዳል። ኔትወርክና መብራት ቀጥ ብሎ በማይቆይበት ወረዳ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም፣ ግን ሀሳቡ፣ ሰው ሁሌ የሚያገኛት አንዲት ቋሚ ክፍል የሚለው፣ ኢንተርኔትም ባይኖር ይሰራል።

ዘመቻ ወይስ ቋሚ ህክምና?

ዘመቻን የሚደግፉት ጥሩ ምክንያት አላቸው። የተጠራቀመው ብዙ ነው፣ 40 ሰው ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲስተም እስኪገነባ ጠብቅ አይባልም። ደሞ አንድ የተሰራለት ሰው ወደ መንደሩ ሲመለስ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ፍርሀት ያስወግዳል። የሚተቹት ደሞ ዘመቻ ሲመጣ የሆስፒታሉ መደበኛ ስራ ይቆማል፣ ሰው "ነፃው ይምጣ" ብሎ ይጠብቃል፣ ክትትሉ ይረሳል፣ ማይክሮስኮፑ ከቡድኑ ጋር ይሄዳል ወይም ይቀርና አምፑሉ ሲቃጠል የሚተካ ይጠፋል ይላሉ።

ወደ ስሌታችን እንመለስ። 150000 ሰው ያለው ወረዳ በአመት 300 ኦፕሬሽን ይፈልጋል፣ በሳምንት 6 ማለት ነው። 6 ኦፕሬሽን የአንድ ሰርጀን ግማሽ ቀን ነው። ችግሩ ትልቅ የሚመስለው ተጠራቅሞ ስለምናየው ነው እንጂ በየሳምንቱ ቢሰራ የሐሙስ ጠዋት ስራ ነበር። ማን ይስራው የሚለው ላይ ግን ክርክር አለ፣ ሀገሪቷ ሀኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎችን ካታራክት ሰርጀን አድርጋ አሰልጥናለች፣ አንዳንድ ስፔሻሊስቶች ጥራቱ ያሳስበናል ይላሉ፣ ተገቢ ስጋት ነው፣ የአይን ስፔሻሊስቶች በብዛት ያሉት አዲስ አበባና ትልልቅ ከተሞች ላይ መሆኑም እንደዛው እውነት ነው። የስራቸውን ውጤት እየለኩ፣ ከስንቱ ስንቱ 6/12 አየ (ጤነኛ አይን 12 ሜትር ላይ የሚያየውን 6 ሜትር ላይ ለየ) ብሎ እየመዘገቡ መስራት ሁለቱንም ወገን ሳያስታርቅ አይቀርም።

ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገንዘብ አዋጥተው ወይ ራሳቸው ሀኪም ሆነው ለሚመጡ ወገኖችም ጥያቄው ይሄው ነው። ስንት ተሰራ ከማለት በፊት በወሩ ስንቱ ታየ፣ ሌንሱ ተለክቶ ነው ወይ የገባው፣ የአካባቢው ነርስ ከቡድኑ ጋር ሰርታለች ወይ ብሎ መጠየቅ። ሊመለስ የማይችል አይን ላለውም ሰው ነጭ ዘንግ፣ ለልጅ ደሞ እንደ ሰበታ መርሀ እውራን አይነት ትምህርት ቤት መንገዱን ማሳየት የዚሁ ህክምና አካል ነው፣ ብዙ ዘመቻ ግን "አይሰራም" ብሎ ቤቱ ይመልሰዋል።

ገንዘቡ ሲቆም የሚታየውና የማይታየው

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግስት የውጭ እርዳታውን ሲያቋርጥ ትራኮማን ጨምሮ ችላ የተባሉ የሚባሉት የሀሩር በሽታዎች ላይ የሚሰራው ፕሮግራምም አብሮ ቆመ። የግል ለጋሾች አሁንም አሉ፣ መድሀኒቱም በነፃ ነው የሚመጣው፣ ግን ነፃ መድሀኒት ራሱ ተራራ አይወጣም፣ መኪና፣ ነዳጅ፣ አበል፣ ቆጠራ፣ ዳሰሳ ጥናት ይፈልጋል። ከዛ በፊት ደሞ በሰሜኑ ጦርነትና ከሱ በኋላ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ዘመቻዎች የተቋረጡባቸው ቦታዎች አሉ።

የሞራው ጉድለት ቶሎ ይታያል፣ ሰልፉ ይረዝማል። የትራኮማው ግን አይታይም። አንድ ሁለት ዙር ያመለጠው ወረዳ ላይ መጀመሪያ የሚጨምረው የልጆች ኢንፌክሽን ነው፣ እሱ ደሞ ከቀላ አይንና ከኩስ በላይ ምልክት ስለሌለው ማንም ጤና ጣቢያ አያመጣውም፣ የዳሰሳ ጥናቱም በገንዘብ እጥረት ከዘገየ ቁጥሩ እንኳን አይመዘገብም። በኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. መድሀኒቱ ያለፋት የ4 አመት ልጅ ከዛ በኋላ ደጋግሞ ከያዛት ፀጉሩ መውጋት የሚጀምራት ምናልባት 30 ወይ 35 አመቷ ላይ ነው፣ ማለትም 2045 አካባቢ፣ ያን ጊዜ ወረንጦ ገዝታ ለልጅዋ "ንቀይልኝ" ስትል ከየትኛው አመት በጀት ጋር እንደሚገናኝ የሚያገናኝ ሰው ላይኖር ይችላል።